ሦስተኛው ባለቤት

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቪትዝ በምትሸጥበት ገንዘብ እንግሊዝ አገር 370 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ መቀመጫው ቆዳ፣ ዳሽቦርዱ የዋልነት እንጨት የሆነ ጃጓር ይገዛል። ለነዳጅም ይተርፋል። ይህን ለመኪና ደላላ ብትነግሩት ይስቅባችኋል። እኛ ዘንድ መኪና ከቤትና ከመሬት ቀጥሎ የሚቆጠር ጥሪት ነው፤ ዓመታት የነዱትን ኮሮላ ከገዙበት በላይ ሸጠው ልጅ የዳሩ ሰዎች ሞልተዋል። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። በ1998 ከፋብሪካ ሲወጣ 50 ሺህ ፓውንድ ገደማ የተከፈለበት የጃጓር ኤክስጄአር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ዋጋው ጥቂት ሺህ ፓውንድ ሆኖ ከአንድ ሰው ደጅ ቆሞ ገዢ ይጠብቃል። የወረደው የመኪናው ዋጋ ብቻ ነው። መለዋወጫውና የመካኒኩ ሰዓት አሁንም የ50 ሺህ ፓውንድ መኪና ናቸው።

የዚህ መኪና የመጀመሪያ ባለቤት ብዙ ጊዜ ሰው እንኳ አይደለም፤ ለሥራ አስኪያጁ መኪና የሚገዛ ድርጅት ነው። ዋስትናው ሳያልቅ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠበ፣ ሰርቪሱን ሳያዛንፍ ጥቂት ዓመታት ይነዳውና ትልቅ ሒሳብ ሊመጣ እንደሆነ ሲሸተው ይሸጠዋል። ሦስተኛው ባለቤት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ሰው ነው። ሒሳቡ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሒሳብ መጻፍ የጀመረው በ1935 ለንደን ውስጥ፣ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ ነው።

ግብዣው የተዘጋጀው ሜይፌር ሆቴል ነበር፤ የተጠሩት የመኪና ነጋዴዎችና ጋዜጠኞች ናቸው። ጋባዡ፣ የኩባንያው መሥራች ዊሊያም ላየንስ፣ ገና ያልታየ ባለ አራት በር መኪና ገለጡ፤ ስሙም ኤስኤስ ጃጓር። ከዚያ እንግዶቹ ዋጋውን ገምተው በወረቀት እንዲጽፉ ጠየቁ። የግምቱ አማካይ 632 ፓውንድ ወጣ። እውነተኛው ዋጋ ከ400 ፓውንድ በታች ነበር። አዳራሹ ምን እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ላየንስ የብላክፑል የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ልጅ ናቸው። በ1922 ከጎረቤታቸው ዊሊያም ዋልምስሊ ጋር፣ አባቶቻቸው ለ1,000 ፓውንድ የባንክ ብድር ዋስ ሆነውላቸው፣ ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚታሰር የተሳፋሪ መቀመጫ (ሳይድካር) መሥራት ጀመሩ። ቀጥሎ ትንሿን ኦስቲን ሰቨን ያማረ አካል አለበሷት፤ በ1928 ደግሞ የመኪና ሥራ ወደተሰባሰበበት ከተማ ወደ ኮቨንትሪ ተሻገሩ። በ1931 ያወጡት ኤስኤስ ዋን ዋጋው 310 ፓውንድ ሲሆን የ1,000 ፓውንድ መልክ አለው ተብሎ ተወራለት። ኮፈኑ ረጅም ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፤ ሲያዩት የሚሮጥ ይመስላል። ሞተሩ ግን ከስታንዳርድ ኩባንያ የተገዛ ነበርና መልኩን አይከተልም።

ሰውየው ሥዕል አይሥሉም ነበር። ይህ ስለ እሳቸው ከማውቀው ሁሉ ይገርመኛል። አንድ የመኪና ቅርጽ ሲያስቡ ከላሜራ ሠራተኛ ጋር ቆመው ሙሉ መጠኑን በእንጨትና በቆርቆሮ ያሠራሉ፤ ከዚያ ዋፕንበሪ ወደሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አስወስደው ከደጃቸው ያስቆሙታል። በጠዋት ብርሃን ያዩታል፣ በማታ ብርሃን ያዩታል፣ ዞር ብለው ይመለሱና መስመሩን በጣት ስፋት ያስተካክላሉ። ከዚያ ደጅ የወጡት መኪናዎች ዛሬም ቆንጆ ናቸው። ገንዘብ ላይ ግን እጃቸው እጅግ ጥብቅ ነበር። አቅራቢን እስከ ሳንቲም ይከራከራሉ፤ አሮጌ ማሽን ከሠራ አይቀየርም። ከጠቅላላ ሥራቸው እንደምረዳው ለዓይን የሚታየውን አሳምሮ፣ ከማይታየው ቆጥቦ፣ ገዢው ከሚገምተው በታች መሸጥ ነበር መላቸው። ከማይታየው የተቆጠበው ገንዘብ ግን ለሦስተኛው ባለቤት ተቀምጦለታል።

ፍትሕ እንዳይጓደል፦ ሞተሩ ላይ አልቆጠቡም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኮቨንትሪ ፋብሪካዎች በጀርመን ቦምብ እንዳይነዱ ሠራተኞች ተራ ገብተው ጣሪያ ላይ ያድሩ ነበር። ላየንስ ለዚያ ሌሊት ጥበቃ ዋና መሐንዲሶቻቸውን፣ ሃይንስን፣ ሃሳንንና ቤይሊን ከራሳቸው ጋር አንድ ላይ መደቡ። እሳት ሲጠብቁ ስለ ሞተር ያወራሉ። ከዚያ ወሬ የተወለደው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤክስኬ ሞተር በ1948 ታየ፤ በኩባንያው የዳይምለር ሊሙዚን ውስጥ እስከ 1992 ድረስ ሲሠራ ኖረ። «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የመኪና ውድድር ላይ በ1951፣ በ1953፣ ከዚያም ከ1955 እስከ 1957 በተከታታይ ያሸነፉት መኪናዎች የዚሁ ሞተር ልጆች ናቸው። (የኩባንያው ስም በ1945 ጃጓር ብቻ የሆነው ኤስኤስ የሚለው ፊደል ከሂትለር ወታደሮች በኋላ ስለማይነገር ነው።)

ፈጣን የቤት መኪና ማለት ምን እንደሆነ እንግሊዞችን ያስተማረው የ1959ኙ ማርክ ቱ ነው። ባለ 3.8 ሊትሩ 220 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን አለው። በዚያ ዘመን አብዛኛው የቤተሰብ መኪና የዚያን ፍጥነት ግማሽ ሲያልፍ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ባንክ ዘራፊዎች ወደዱት፤ ፖሊስ እነሱን ለመያዝ እሱኑ ገዛ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በቴሌቪዥን ተከታታይ ኢንስፔክተር ሞርስ በቀይ ማርክ ቱ ሲዞሩ ያየ ሁሉ የእንግሊዝ መርማሪ ሌላ መኪና መንዳት የሚችል አይመስለውም።

በ1968 ኤክስጄ6 መጣ። የላየንስ እጅ በሙላት ያረፈበት የመጨረሻው መኪና ነው፤ እኔን የጠየቀኝ ቢኖር በዓለም ከተሠሩት ባለ አራት በሮች ሁሉ ቆንጆው ይኸው ነው እለዋለሁ። ቦብ ናይት የሚባሉ መሐንዲስ ድምፅና ንዝረት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ሲሉ እያንዳንዱን የጎማ ማሰሪያ ለየብቻ ያጠኑ ነበር። ምቾቱ እጅ በአፍ ያስጭናል። ከሥሩ ስትገቡ ግን ሌላ ወሬ ይጀመራል። የኋላ ፍሬኑ ከጎማው ዘንድ ሳይሆን መሀል ላይ ከዲፈረንሻሉ ተጣብቆ ነው የተሠራው፤ ለምቾት ጥሩ ነው። ፍሬኑ ሲግል የዲፈረንሻሉን የዘይት ጎማ ያቃጥላል፤ ዘይቱ ወርዶ ፍሬኑን ያርሳል፤ ዲስክ ለመለወጥ ደግሞ ብዙ መካኒኮች ጠቅላላ የኋላውን አካል ማውረድ ይቀላቸዋል። የነዳጅ ጋኑ ሁለት ነው፣ በቀኝና በግራ ክንፍ ውስጥ፣ እያንዳንዱ የራሱ ክዳን ያለው። ሁለቱም በየፊናቸው ይዝጋሉ።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ብሪቲሽ ሌይላንድ በተባለው የመኪና ድርጅት ሥር ገባ። ከዚያ ያለውን ዐሥር ዓመት ባጭሩ ልለፈው፤ አድማ፣ ቁጠባ፣ የነዳጅ ቀውስ፣ በ1975 በመንግሥት መወረስ። ላየንስ በ1972 ጡረታ ወጥተው ከሩቅ ያያሉ። አንድ ነገር ብቻ ሳልናገር አላልፍም። በ1979 ሦስተኛው የኤክስጄ ትውልድ ሲወጣ ካስል ብሮምዊች የተተከለው አዲሱ የቀለም ፋብሪካ መጀመሪያ ላይ ማውጣት የቻለው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሳፈርበት መኪና በቢጫ! ኤሌክትሪኩም የዘመኑ ቀልድ ነበር። የዕቃውን አቅራቢ ሉካስን ሕዝቡ የጨለማው ልዑል ብሎ ሰየመው፤ እንግሊዞች ቢራ ሞቅ አድርገው የሚጠጡት ፍሪጃቸውን ሉካስ ስለሚሠራው ነው እያሉም ይስቃሉ። በ1980 የኩባንያው ዓመታዊ ምርት ወደ 14 ሺህ መኪና ወርዶ ነበር።

የመኪናው ስም በኅብረተሰቡ ውስጥ መልኩን የቀየረውም ያኔ ነው። ሚንደር በሚባለው የ1979 የቴሌቪዥን ተከታታይ አርተር ዴሊ የሚባል አጭበርባሪ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ በጃጓርና በዳይምለር ይዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ጃጓር የያዘ ሰው ሁሉ ጎረቤቱ በጎን ያየዋል። ሚኒስትሮች ይሳፈሩበት ነበር፣ አጭበርባሪውም ይሳፈርበት ነበር፤ የቀድሞው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፕሬስኮት ሁለት ጃጓሮች የሚል ቅጽል ወጥቶላቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። መርሴዲስ የያዘ ሰው ሀብታም ነው ይባላል፤ አሮጌ ጃጓር የያዘን ሰው ግን ሀብታም ነው ወይስ ዕዳ አለበት ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ጆን ኢገን በ1980 ሊቀመንበር ሆነው ሲመጡ የጉድለቱ አብዛኛው ክፍል የሚመጣው ከዕቃ አቅራቢዎች እንደሆነ አረጋገጡና ብልሽቱን ለአቅራቢዎቹ ማስከፈል ጀመሩ። ኩባንያው በ1984 ወደ አክሲዮን ገበያ ተመለሰ፤ ላየንስ ይህን አይተው በ1985 አረፉ። በ1986 የወጣው ኤክስጄ40 ከሐሳብ እስከ ገበያ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። መሐንዲሶቹ የሌይላንድ አለቆች የሮቨርን ቪ8 እንዳይጭኑባቸው የሞተሩን ክፍል ሆን ብለው አጥበው ሠሩት ይባላል። ተሳካላቸው፤ ቅጣቱ ግን የራሳቸው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርም አለመግባቱ ነው። እስኪገባ ድረስ ሰባት ዓመት አለፈ። በ1989 ፎርድ በ1.6 ቢሊዮን ፓውንድ ገዛው። ፎርድ የሾማቸው ቢል ሃይደን ፋብሪካውን ዞረው ካዩ በኋላ ከዚህ የባሰ ያየሁት ሩሲያ ጎርኪ ብቻ ነው የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግረው ኮቨንትሪን አስቀየሙ። ውሸት አልነበረም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ባለቤት መኪና ደርሰናል። በ1997 የወጣው ኤክስጄአር ባለ 4 ሊትር ቪ8 ነው፤ አየር በኃይል የሚነፋለት ሱፐርቻርጀር አለው። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 5.3 ሰከንድ ይበቃዋል፤ 250 ላይ በኮምፒውተር ታግዷል። አካሉ አሁንም የ1968ቱን ውርስ ይዟል፣ ዝቅ ያለና ቀጠን ያለ። በፎርድ ገንዘብ ፋብሪካው ታድሶ ስለነበር በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ከቀድሞው ጋር አይገናኝም። ግን የላየንስ መንፈስ ጨርሶ አልወጣም፤ ከማይታየው ቦታ መቆጠብ ቀጥሏል።

ጋራዥ ውስጥ ኮፈኑን እንክፈት። የእኛ አገር መካኒክ የእንግሊዙን መኪና የሚያወራው በጣሊያን ቃል ነው፤ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ካቴና ይላል። ጉዳያችን ካቴናው ነው፤ ሌባ የሚታሰርበት ሳይሆን የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረው ሰንሰለት። ሰንሰለቱ እንዳይላላ በዘይት ግፊት የሚወጥረው አንድ የአውራ ጣት ያህል ዕቃ አለ። የዚህ ዕቃ አካል መጀመሪያ የተሠራው ከፕላስቲክ ነው። ሙቀት ለዓመታት ሲጋግረው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ሰንሰለቱ ይላላል፤ ጠዋት በብርድ ሞተሩ ሲነሳ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሳንቲም ያለበት ጣሳ የሚነቀነቅ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ብዙ ባለቤት ጸጥ ስላለ ዳነ ብሎ ያስባል። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፤ ፒስቶኑ ወጥቶ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታል፤ ሞተሩ ይወርዳል። ያ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከብረት ተሠርቶ ወጥቷል፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የቴስታታውን ክዳን አስነስቶ ማየት ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ መኪናው ከዚያ ቦታ በራሱ ጉልበት መሄድ የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ሲሊንደሩ ነው። እስከ 2000 ነሐሴ ድረስ የተሠሩት ሞተሮች የሲሊንደራቸው ግድግዳ ኒካሲል በሚባል የኒኬል ሽፋን የተቀባ ነበር። ሽፋኑ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ድኝ የበዛበት ቤንዚን ግን ይበላዋል፣ የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ቤንዚን ደግሞ ድኝ ይበዛበት ነበር። የታመመ ሞተር ምልክቱ ያስቃል። ባለቤቱ መኪናውን ሊያጥብ ሲል ከጋራዥ ደጅ ያወጣውና ያጠፋዋል። አጥቦ ሲጨርስ ሊያስነሳው ይሞክራል፤ እምቢ። ሳይሞቅ ስለጠፋ የቀረው ቤንዚን የተበላውን ግድግዳ ዘይት አጥቦት፣ ሲሊንደሩ አየር መያዝ አቅቶታል። የታጠበ መኪና ተጎትቶ ጋራዥ ይሄዳል። ዛሬ ድኙ ከቤንዚኑ ወጥቷል፤ ከእነዚያ ሞተሮች መሞት የነበረበት ሞቷል፤ እስካሁን የተረፈው ደህና ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ካምቢዮው ነው፤ ይህ እንኳ እኔን ከሁሉ ያስቀኛል። በዚያ ዘመን የመኪና ካምቢዮ ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ፣ የማይለወጥ ነው እየተባለ ይሸጥ ነበር። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይናገርም። የመጀመሪያው ባለቤት መኪናውን የያዘበት ዕድሜ እንደነበር የታወቀው ሦስተኛው ባለቤት ዘንድ ሲደርስ ነው። የሚያውቁ መካኒኮች ዘይቱንም ማጣሪያውንም ይለውጣሉ፤ አብዛኛው ጊዜ ካምቢዮው ያመሰግናቸዋል።

የተቀረውን ልዘርዝር ብል ገጹ አይበቃም። የኋላ ጎማ ዙሪያና የበር ሥር ላሜራ ይዝጋል። የጣሪያው ጨርቅ ሙጫው ደርቆ እንደ ድንኳን ይወርድና የኋላ ተሳፋሪን ጸጉር ይዳስሳል። ዳሽቦርድ ላይ የፍሬን መብራት ይበራል፤ ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ የኤቢኤሱ ሳጥን ውስጥ አንዲት የብየዳ ነጥብ ተሰንጥቃ ነው። ሳጥኑን ፈትቶ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በመነጽርና በብየዳ ብዕር የሚጠግን ጡረታ የወጣ መምህር እንግሊዝ ውስጥ ብርቅ አይደለም። የመኪናው ሕይወት ዛሬ ያለው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው፤ ከተሰባበሩ መኪናዎች መለዋወጫ የሚነቅሉ፣ ቅዳሜያቸውን ከሥሩ ተኝተው የሚያሳልፉ።

ታዲያ ለምን ይይዙታል? አንድ ምሽት መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ መኪናው በሰዓት 110 ሲሄድ ሞተሩ 2 ሺህ ዙር አካባቢ ሆኖ ያንቀላፋል። ረጅሙ ኮፈን ከፊታችሁ ተዘርግቷል፤ የቆዳው ሽታ ያውዳል፤ የቀረው ዝምታ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ ከሩቅ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይነሳል፤ 1.8 ቶን የሚመዝነው ነገር መንገዱን ሰብስቦ ይጠቀልለዋል። ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ የሠሩ ወገኖቻችን መኪናውን ሳይገዙት ይህን ድምፅ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሰምተውታል። ከዚያ መኪናው ወደ ማደያ ይሄዳል፤ በከተማ ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ገደማ ቢጠጣ አይገርምም።

ኮቨንትሪ ብራውንስ ሌን የነበረው ፋብሪካ በ2005 መኪና መገጣጠም አቆመ። በ2008 የሕንዱ ታታ ጃጓርንና ላንድሮቨርን አንድ ላይ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ኤክስጄ የሚለው ስም በ2019 ተዘጋ፤ ስሙ ሃምሳ አንድ ዓመት ኖሯል። በ2024 ደግሞ ኩባንያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሊሻገር ሲል እንግሊዝ ውስጥ አዲስ መኪና መሸጡን አቆመ። የለንደን ከተማ መስተዳድር በበኩሉ የጭስ ደረጃ ያላሟላ መኪና በተነዳበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ያስከፍላል፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ይህ መላዋን ከተማ ይሸፍናል። በዓመት አንዴ የሚደረገው የመንግሥት ምርመራም አለ፤ እኛ ቦሎ እንደምንለው ያለ ነው፣ ዝገቱን መዶሻ ይዞ የሚፈልግ መርማሪ ግን አለበት። አርባ ዓመት የሞላው መኪና ከዚህ ምርመራም ከመንገድ ግብርም ነጻ ይሆናል። የ1998ቱ ኤክስጄአር ያን ቀን ለማየት እስከ 2038 መድረስ አለበት።

ወደ አገራችን ይምጣ ብሎ የሚያስብ ካለ አይልፋ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀና ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ላይ የጫነው ግብር ከመኪናው ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ምክሬ እንግሊዝ ላላችሁ፣ ልባችሁ ለከጀለ ብቻ ነው። ለግዢው ያሰባችሁትን ያህል ገንዘብ ለጥገና ባንክ አስቀምጡ፤ ከሌላችሁ አትጀምሩት። የሰርቪስ መጽሐፉን ከቀለሙ በፊት እዩ። ለማየት ስትቀጠሩ በጠዋት ሂዱ፣ በብርድ፤ ሻጩንም ሞተሩን እንዳያስነሳው ቀድማችሁ ለምኑት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።